አንድ ምስል ልጠብቅ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

አዲሱ ምስል ዛሬ መግባት ጀመረ። ከሳተላይት የሚደርሰን የደመና ምስል እስከ ትናንት በሰዓት አንድ ነበር፤ ያውም ኔትወርኩ ደስ ካለው። ከዛሬ ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው ይመጣል። የቢሯችን ቴክኒሻን ምሥጋና ገመዱን ሰካክቶ ሲጨርስ ወንበሬን ወደ ስክሪኑ ገፋልኝና "በይ ሃናዬ፣ እስከ ዛሬ ደመናን ካደገ በኋላ ነው የምትተዋወቂው፤ አሁን ሲወለድ እዪው" አለኝ።

ያሾፋል እንጂ እውነቱን ነው። በሰዓት አንዴ ስታየው ደመና ወይ የለም ወይ ጎልምሶ ቁጭ ብሏል። ዛሬ ከሰዓት ግን ከሐይቁ ማዶ፣ በአማሮ ተራሮች አናት ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ታየችኝ። በሚቀጥለው ምስል ባቄላ አከለች። በሦስተኛው ተራራውን ሸፍና ወደ አባያ እየወረደች ነበር፤ አናቷ መቀዝቀዙን የሚያሳየው ቀይ ቀለምም ወጣባት። ወተት ጥዶ ዞር እንደ ማለት ነው ነገሩ። እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

አለቃችን አቶ ጌዲዮን ለአባያ ዓሣ አጥማጆች ማስጠንቀቂያ የመደወሉን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ማዕበል ከመነሳቱ በፊት ከውኃ እንዲወጡ መንገር ነው። "ሙከራ ነው፤ ቢሳካ ለሌላውም ሐይቅ ይሆናል" አሉ። ይሳካል። ለምን አይሳካም?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ቢሯችን ካለበት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሚኒባስ ወደ ሲቀላ፣ ከሲቀላ በባጃጅ፣ ከዚያ ጭቃውን በእግሬ አባያ ዳር ወረድኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወልደየሱስ ይባላል። ረጅም ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ የሰው ዓረፍተ ነገር አቋርጬ የምጨርስ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ብዙ አወራሁ።

አሠራራቸውን አሳየኝ። ዳር ላይ አንድ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት ተክለዋል። አደጋ ሲኖር ቀይ ጨርቅ ይሰቀልበታል፤ ጨርቁን ያየ ሁሉ መረቡን ትቶ ይቀዝፋል። ማን ሰቀለው፣ ለምን ሰቀለው ብሎ ነገር የለም። መጀመሪያ መውጣት ነው፤ ጥያቄው ዳር ከደረሱ በኋላ ነው። እኔ ለወልደየሱስ እደውላለሁ፣ እሱ ይሰቅላል።

እናቱ እትዬ ወርቂቱ እዚያው ዳስ ጥላ ዓሣ ትጠብሳለች። በጋሞኛ "አንተ" እና "አንቺ" አንድ ስለሆነ ሁሉንም ሰው በወንድ ነው የምትጠራው። "ከሰማይ ፎቶ የሚያነሳ አንተ ነህ?" አለችኝ። እኔ አነሺዋ ሳልሆን ተመልካቿ ነኝ ብላት አልተዋጠላትም። "እንግዲያው በደንብ ተመልከት" አለች።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ተሳካ!! ሁለተኛውን ምስል እንዳየሁ ደወልኩ። ጨርቁ ወጣ፣ ሰው ሁሉ ወጣ፣ ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ የዳሱን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ወልደየሱስ ማታ ደውሎ "ሃና፣ የሁላችንም ታንኳ ደረቅ ላይ ነው" አለኝ።  እኔም ሌላ ነገር አልጠበቅሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ወልደየሱስ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ላከልኝ፤ ገና ከውኃ የወጣ። ሑዳዴ ላይ ዓሣ የሚበላ ብዙ ነው፣ ከተማውም በዚህ ሰሞን ከዓሣ ሌላ የሚያወራው የለም፤ እኔ ግን በእናቴ ቤት ልማድ አልበላም። ለምሥጋና ሰጠሁት። "አሁን ይሄ ለእኔ የተላከ ነው?" አለኝ እየሳቀ። "ለቢሮው ነው" አልኩት። "ለቢሮው ከሆነ አቶ ጌዲዮን ለምን አልደረሳቸውም? ደግሞ ከእሱ ጋር በስልክ ስታወሪ ድምፅሽ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።" ሥራ ነው አልኩት። ሥራ ነው። ወልደየሱስ ጴንጤ ነው፣ እናቴ ብትሰማ አገር ይያዝልኝ ትላለች፤ ስለዚህ ከሥራ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ደወልኩ። ወጡ። አንድ ጠብታ የለም። ደመናው ሐይቁ ዳር ደርሶ እንደ ጨው ሟሟ። ወልደየሱስ "ምንም አይደል" አለኝ። ከጀርባው የሰዎች ሳቅ ይሰማል።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ዛሬም እንዲሁ። ያውም የባሰ። መረባቸውን ጥለው የወጡት ገና ዘርግተውት ሳለ ነው፤ ሲመለሱ ጉማሬ ገብቶበት በተለይ የአንዱን አጥማጅ፣ የባርኮትን፣ ብጥቅጥቁን አውጥቶታል። ሰማዩ ከሁሉም ይልቅ ያናድዳል፤ ንጹሕ፣ የታጠበ ሳህን።

ከሥራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ያወራሉ። አንደኛው "ደመናውን አየኸው?" ሲል ሌላኛው "ተወው፣ የሃና ዝናብ ነው" አለው። "ምን ማለት ነው?" "ጠብ አይልማ! አባያ ያሉት እንደዚህ ነው የሚሉት። ባርኮት ነው ያወጣላት።" ተሳሳቁ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ወራጅ አለ ብዬ ሳልደርስ ወረድኩ፤ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።

እንዴት አንጀት የሚያቃጥል ነገር ነው! እዚህ ዓይኔ እስኪቀላ ስክሪን ላይ አፍጥጬ የምውለው ለእነሱ አይደለም እንዴ? ባርኮት ደግሞ ባለፈው ከነፋሱ ስለተረፈ ነው አፍ አውጥቶ የሚስቅብኝ። ይሄን ለማንም አልናገርም። ስሜ ግን ዝናብ ሆኖ በታክሲ ሲዞር ማየት ቀላል አይደለም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

አቶ ጌዲዮን ጋ ገብቼ መመሪያ እንዲወጣ ጠየቅሁ፤ ደመናው በሁለት ተከታታይ ምስሎች ላይ ካልታየ ማስጠንቀቂያ አይደወልም። ደስ አላቸው። "ሳይንሳዊ ነው" አሉ። ከማኅበሩም ቅሬታ ደርሷቸው ኖሯል፤ ባልናገር ኖሮ እሳቸው ሊጠሩኝ ነበር።

ለወልደየሱስ ነገርኩት። ሰማኝና "እኔ በአንዱም ምስል ብትደውዪ እሰቅላለሁ" አለ። "ሰዎቹስ?" አልኩት። "ሰዎቹማ ትንሽ እያጉረመረሙ ነው። እርግጠኛ ስትሆኚ ብትደውዪ ለአንቺም ይሻላል" አለኝ።

ለአንቺም ይሻላል። የሚስቁብኝ እሱ ፊት ነው ማለት ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ለሥራ አባያ ወርጄ ነበር። እሑድም ቢሆን። ቀይ ጨርቁ በፀሐይ ነትቦ ሮዝ ሆኗል። ከእትዬ ወርቂቱ ዳስ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ወልደየሱስ መጥቶ መረብ እየሰፋ አጠገቤ ተቀመጠ። አንዱን ቀዳዳ ሰፍቶ ሲጨርስ "ከፋሲካ በኋላ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ" አለኝ።

"አሁን አትጠይቀኝም?"

"ጾምሽን ፍቺ መጀመሪያ።"

እናቱ በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናግራ ብቻዋን ሳቀች፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ምን እንዳለች ብጠይቀው "ዓሣው አረረ ነው የምትለው" አለኝ። ዓሣው አላረረም።

ጨርቁ ስላረጀ አዲስ እንዲገዛ ሊጠይቀኝ ይሆናል። ስመለስ ሲቀላ ገበያ ገብቼ ደማቅ ቀይ ጨርቅ ገዛሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሲጠይቀኝ አውጥቼ እሰጠዋለሁ፤ እንዴት እንደሚደነግጥ ለማየት ቸኩያለሁ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ናፍጣ የለውም። ምሥጋና ሮጦ ቀድቶ መጣ። ምስሎች ተዘለሉ። ከአማሮ ደመና ተነስቶ ነበር፤ አንድ ምስል ላይ ቀይ፣ ቀጥሎ ባዶ። አልደወልኩም። ዝናብም አልመጣም። ትክክል ነበርኩ! መመሪያው ይሠራል። ባርኮት ሌላ ስም ይፈልግ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ወልደየሱስ ከሐይቁ አልወጣም።

ሌሎቹ ወጥተዋል። ሁሉም። እሱ ብቻ።

ስደውል ያነሳችው እናቱ ናት። "ልጄ ውኃ ላይ ነው" አለችኝ። ስልኩን ከእሷ ጋር ትቶ ሄዷል፤ የእኔ ጥሪ እንዳያመልጥ። ጨርቁን ራሷ ሰቀለችው። ከዚያ ነፋሱ።

በመጀመሪያው ምስል ላይ ምንም አልነበረም። ግልጽ አልነበረም። መመሪያው ሁለት ነው የሚለው።

ጌታዬ ሆይ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ታንኳውን አገኙት። ባዶ ነው። መረቡ ተጠቅልሎበታል። ባርኮትና ጓደኞቹ ከንጋት ጀምሮ ውኃ ላይ ናቸው፤ በየሸምበቆው እየገቡ ስሙን ይጠራሉ። ዳር ላይ ቆሜ ነበር፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ሰዎች ቦታ ለቀቁልኝ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። አንዲት ሴት ሻይ ሰጠችኝ፤ ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ እንጂ አልጠጣሁትም።

ምስሉ ግልጽ አልነበረም ብዬ ለምሥጋና ነገርኩት። እሱም "አዎ፣ አንዳንዴ እንደዚያ ነው" አለኝ። ምስሉን ያስገባው እሱ ነው፤ አይቶታል። 

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ተገኘ። ቀበርነው። በመዝሙር ነው የሸኙት፤ የእነሱ ወግ እንደዚያ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላ ቆምኩ። ወርቂቱ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነበር፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ የምትጠብቅ ትመስላለች።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እናቴ ደውላ "ጾም ፈታሽ?" አለችኝ። ፈታሁ አልኳት። ጎረቤቶቼ ጠርተውኝ ዶሮ ቀርቦልኝ ነበር፤ አልነካሁትም።

"ከፋሲካ በኋላ" የሚባለው ከነገ ጀምሮ ነው።

የገዛሁት ጨርቅ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የሚጠይቀኝ ስለ ጨርቅ አልነበረም። ያኔም አውቄዋለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሰሞኑን ሳስብ ነበር የከረምኩት፤ እናቴን እንዴት እንደማስረዳ፣ ምን ብላ እንደምትቆጣ፣ ከዚያ እንዴት እንደምትለዝብ። እንቢ እንደማልል ብቻ ለራሴ ሳልናገረው ቀረሁ። ለእሱም።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ዛሬ ስለ አደጋው ስብሰባ ነበር፤ የእኛ መሥሪያ ቤትና የማኅበሩ ሰዎች። ባርኮት ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ "ከሰማይ የሚታይ ከሆነ ለምን ዘገየ?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለእኔ ነበር። አቶ ጌዲዮን ቀድመው ተነሱ። "ባለሙያዋ መመሪያውን ጠብቃለች። በሁለት ተከታታይ ምስሎች መታየት ነበረበት፤ እንደታየ ደውላለች። የተፈጥሮ ጉዳይ ነው" አሉ።

እንደታየ አልደወልኩም። ሁለተኛውን ካየሁ በኋላ ሦስተኛውን ጠብቄያለሁ። ይህን ማረም ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ባርኮት አየኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ሲወጡ አቶ ጌዲዮን ትከሻዬን መታ አድርገው "አይዞሽ፣ ከጥፋት ነጻ ነሽ" አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። እንዲህ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ወርቂቱን ለመጠየቅ ሄድኩ። ዳሱን መልሳ ከፍታዋለች። ባርኮት ዓሣ እያወረደላት ነበር፤ ሲያየኝ እጁን ጠረገና ሰላም አለኝ።

"ያን ስም እኔ ነኝ ያወጣሁት" አለ መሬት መሬት እያየ። "ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ለጨዋታ ነው። ቀድመሽ ብትደውዪም ኖሮ እንስቅ ነበር እንጂ ማንም አይወጣም ነበር። በእኔ ይሁን፣ አንቺ ላይ ጥፋት የለም።"

ሊያሳርፈኝ ፈልጎ ነው። ግን ልክ አይደለም፤ ጨርቅ ከተሰቀለ እየተሳደቡም ይወጣሉ። ሁለቱንም ጊዜ ወጥተዋል። የሳቁት ዳር ከደረሱ በኋላ ነው።

ለወርቂቱ እውነቱን ልነግራት ነበር የሄድኩት። አልነገርኳትም። አንድ ሳህን ዓሣ አቀረበችልኝ፤ በላሁ፤ መጀመሪያ ጊዜ የእሷን ዓሣ መብላቴ ነው። "ልጄ አንተ ጾም እስክትፈታ ይጠብቅ ነበር" አለችኝ። ሳህኑን አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

እንቅልፍ የለም። እንግዲህ ለዚህ ደብተር እንኳ ልዋሽ አልችልም፤ የሚያነበው እኔው ነኝ።

በመጀመሪያው ምስል ላይ ምንም አልነበረም ብዬ ጽፌያለሁ። ነበር። የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አማሮ ላይ ነበረች፤ መጀመሪያ ቀን ካጨበጨብኩላት ጋር አንድ ናት። እሷን እያየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ወልደየሱስ ነው።

"ዛሬ እንዴት ነው?" አለኝ። "ባርኮት መረቡ ገና አልተጠገነም። ለነገ ሆሣዕና ዓሣ የሚጠይቀን ብዙ ነው፤ እኔ ራሴ ልግባ ብዬ ነው።"

ዓይኔ ነጥቧ ላይ ነው። አፌ ላይ "ትንሽ ቆይ" የሚል ቃል ነበር። ከዚያ ዳር ላይ ተሰብስበው ሲስቁ ታየኝ፤ እሱም እንዳይስቅ ፊቱን ሲያዞር። ደረቅ ሰማይ ሥር ተቀምጦ ሦስተኛ ጊዜ "ምንም አይደል" እንዲለኝ አልፈለግሁም። ሌላ ሰው ቢሆን የጠየቀኝ ቆይ እለው ነበር። እሱ ፊት መሳሳት ስለከበደኝ ነው።

"ሰላም ነው" አልኩት።

"እስካሁን አልታየም" አይደለም ያልኩት። "እርግጠኛ አይደለሁም" አይደለም። ሰላም ነው። እሱም "እንግዲያው ስልኩን ለእማዬ ትቼ ልግባ፤ የሆነ ነገር ካለ ለእሷ ደውዪላት" ብሎ ዘጋ። እምነቱን በእኔ ላይ ጥሎ ነው የገባው።

ሁለተኛው ምስል መጣ፤ ቀልቷል። አሁን ብደውል ከአፍታ በፊት ሰላም ነው ያልኩት ሰው ምን ይላል አልኩ። መመሪያው የሚለው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ታይተዋል፤ ያም ሆኖ አንድ ምስል ልጠብቅ አልኩ። ሦስተኛው መጣ፤ ሐይቁ ግማሹ ቀልቷል። ለእናቱ የደወልኩት ያኔ ነው። ደግሞ በዚያ ላይ መስኮቱ አለ። ከወንበሬ ተነስቼ መጋረጃውን ብገልጠው አባያ ከሴቻ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ወዲያ ማዶ ሲጠቁር በዓይኔ አየው ነበር። አልተነሳሁም። ስክሪኑ ላይ ቀጣዩን እየጠበቅሁ ነበር።

እንደ ድሮው በሰዓት አንድ ምስል ብቻ ቢሆን ኖሮ ተጠራጥሬ እደውል ነበር፤ የሚጠበቅ ነገር ስለማይኖረኝ። አሁን ግን ሁልጊዜ የሚጠበቅ አለ። ማሽኑን መውቀስ አማረኝ፤ አልቻልኩም። ምስሉ በሰዓቱ መጥቷል።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ነገርኳት።

ከጸሎት ቤት ስትመለስ ዳሱ ደጃፍ ላይ ጠበቅኋት። ጨርቁን ከቦርሳዬ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ መናገር ጀመርኩ፤ ተንተባተብኩ እንጂ አልተናገርኩም ማለት ይሻላል። ነጥቧን፣ ስልኩን፣ ሰላም ነው ማለቴን፣ ሦስተኛውን ምስል። አማርኛው እንዳያመልጣት ደጋገምኩት። ስጨርስ እንድትጮህብኝ ጠበቅሁ። ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ጨርቁን ዘርግታ በፀሐይ አየችው። ጫፉን በጥርሷ ይዛ ለመተርተር ሞከረች፤ ጠንካራ ነው።

"አይተህ ነው ዝም ያልከው?" አለችኝ።

"አዎ እትዬ ወርቂቱ።"

"እሱ ስላለ አፍረህ?"

እንዴት አወቀች? አዎ አልኳት። ያኔ አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ጀምሮ ያልወጣልኝ ወጣ። አልነካችኝም። አይዞህ አላለችኝም። እንጨቱ ሥር ሄዳ የነተበውን ጨርቅ አወረደች፤ አዲሱን በገመዱ ላይ አሰረችው፤ ስትመለስ ፊቷ እንደ ድንጋይ ነበር።

"የሰው ልጆች ውኃ ላይ ናቸው" አለች። "ነገ ትደውላለህ?"

እደውላለሁ አልኳት።

"ሲታይህ። በኋላ አይደለም" ብላ ወደ እሳቷ ተመለሰች። እንድቀመጥ ወንበር አላቀረበችልኝም። ወደ ሲቀላ በእግሬ ሄድኩ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

አቶ ጌዲዮን ጋ ገብቼ ሁለተኛውን ካየሁ በኋላ መቆየቴን፣ ከዚያም በፊት ሰላም ነው ማለቴን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "አሁን ይህን ማንሳት ለማን ይጠቅማል?" አሉኝ። ለእኔ አልኳቸው፤ መመሪያውም እንዲሻር ጠየቅሁ። ለበላይ አካል አቀርባለሁ ብለዋል። ከመደወል ግን አልከለከሉኝም።

ምሥጋና ሻይ ይዞልኝ መጣ። "እኔም አይቼው ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ። "ታውቅበታለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" ሁለታችንም ሳንጠጣው ሻዩ ቀዘቀዘ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ አማሮ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጥብ ታየችኝ። አልጠበቅሁም። ስልኬ ላይ አሁንም "ወልደየሱስ አባያ" የሚለውን ነው የምነካው፤ ስሙን መቀየር አልሆነልኝም። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

"ታየህ?" አለች ወርቂቱ።

"ታየኝ።"

ዘጋችው። ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። ከዚህ ሆኖ ጨርቅ አይታይም፤ ያም ሆኖ ቆምኩ። በደለል የቀላው የአባያ ውኃ ላይ ታንኳዎቹ ትንኝ ትንኝ የሚያህሉ ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ጀመሩ።

ሁለተኛው ምስል ሲመጣ ነጥቧ ሳስታለች። በሦስተኛው የለችም። ሰማዩ እንደ ልብስ ታጥቦ ተሰጣ። ስልኩን አፍጥጬ አየሁት፤ ጮኸም። ባርኮት ነው።

"ሃና፣ ሁላችንም ወጥተናል" አለኝ። "ቆጥረናል። የቀረ የለም።"

"ባርኮት፣ ዝናቡ አልመጣም እኮ። ተሳስቻለሁ።"

"አየን" አለ። ከጀርባው ብዙ ሰው እንዳለ ይሰማል፤ የታንኳ መጎተት፣ የዓሣ መጥበሻ፣ የሚያስል ሽማግሌ። ጆሮዬን አቁሜ ሳቃቸውን ፈለግሁት። አንድም የሚስቅ የለም። "መረባችንን ትተን ነው የወጣነው። ምንም አይደል።"

የወልደየሱስን ቃል ነው ያለኝ፤ ሳያውቀው ይመስለኛል።

"በለው" አልኩት። "የሃና ዝናብ ነው በል።"

 "እንዴት ብዬ?" አለኝ። "እትዬ ወርቂቱ እንጨቱ ሥር ቆማለች። ጨርቁን አላወርድም ብላለች፤ አንቺ ካልነገርሻት አታወርድም። ምን ልበላት?"

ሰላም ነው በላት ልል ነበር። ቃሉ ጥርሴ ላይ ቆመ። ስክሪኑን አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው።

"አሁን አማሮ ላይ ደመና አይታየኝም በላት" አልኩት። "የማየው ይሄ ነው። እስኪመሽ እዚሁ ነኝ፤ ከታየኝ እደውላለሁ።"

እሺ ብሎ ዘጋ። ምሥጋና ቦርሳውን ይዞ "አንሄድም?" ሲለኝ አንተ ሂድ አልኩት። ወንበሬን መስኮቱ አጠገብ ወሰድኩት። ታንኳዎቹ እስኪጨልም ድረስ ዳር ላይ ተደርድረው ነበር፤ ማንም ወደ ውኃው አልተመለሰም።